ወረፋ ላይ ያለ ደብዳቤ አልጠፋም

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የአይቲ ሠራተኛ ነኝ። ኢሜይል ሰርቨራችን እዚሁ ቢሮ ውስጥ ነው ያለው። ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ሲስተም ላይ ፖስትፊክስና ዶቭኮት የሚባሉ የኢሜይል ፕሮግራሞች ተጭነዋል። የተከለው ልጅ ሥራ ለቋል። ቅዳሜና እሁድ ቢሮውን ከፒያሳ ወደ ሜክሲኮ አዛወርን፣ አዲስ የኢንተርኔት መስመርም ገባልን። ከሰኞ ጠዋት ጀምሮ ወደ ጂሜይል የምንልከው አይደርስም። ወደ እኛ የሚመጣው ግን ይገባል። ዛሬ ረቡዕ ነው። ኮማንድ ከሚጻፍበት ጥቁር ስክሪን ሌላ መግቢያ የለኝም። ሜይልኪው ብዬ ስጽፍ 412 ደብዳቤ ቆሞ አየሁ፤ ብዙዎቹ ሥር 421 እና 4.7.23 የሚል ቁጥር አለ። ጓደኛዬ ‹ሁሉንም አጥፊውና ሰርቨሩን አስነሺው› አለኝ። ላጥፋው? ከዚህ በኋላስ እንዳልደነግጥ የትኞቹን ኮማንዶች ልወቅ?»

እህቴ፣ አታጥፊው። ሌላውን ሁሉ ቀስ ብለን እናየዋለን፣ ይህን ግን አሁኑኑ ያዢልኝ። እነዚያ 412 ደብዳቤዎች አልጠፉም። ሰርቨርሽ በእጁ ይዟቸዋል። በየጊዜው እየወሰደ የጂሜይልን በር ያንኳኳል፣ አልከፈት ሲለው ይዟቸው ይመለሳል። ካጠፋሻቸው ግን የሚመልሳቸው የለም። ላኪውም አይነገረውም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ደርሶብኝ ስላየሁት ነው። ከዓመታት በፊት አራት ኪሎ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። የአንዲት ሠራተኛ ፓስወርድ ተሰርቆ በሺዎች የሚቆጠር ስፓም ወረፋው ላይ ተደርድሮ አገኘሁ። ደንግጬ ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ ጠረግኩት። ስፓሙ ሄደ። አብሮት ግን ግዥ ክፍሉ ለተጫራቾች የላከው ማብራሪያም ሄደ። ላኪዎቹ ደርሷል ብለው ተቀምጠዋል። ተቀባዮቹ ይጠብቃሉ። ነገሩ የታወቀው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ወረፋ ላይ ያለ ደብዳቤ ምን እንደሆነ ሳላይ አልነካም።

አንድ የኢሜይል ሰርቨር ደብዳቤ ተቀብሎ «250» ብሎ ሲመልስ፣ «ከእንግዲህ ኃላፊነቱ የእኔ ነው» ማለቱ ነው። ወይ ያደርሳል፣ ወይ አለመድረሱን ለላኪው ያሳውቃል። ፖስትፊክስ ይህን ቃል ከመስጠቱ በፊት ደብዳቤውን ዲስክ ላይ ይጽፈዋል። ስለዚህ መብራት ድንገት ድርግም ቢል እንኳ፣ ሲመለስ ደብዳቤው እዚያው ይጠብቅሻል። ወረፋውን ስታጠፊ ሰርቨሩ የሰጠውን ቃል አንቺ ታፈርሺበታለሽ።

ኮማንዶቹን በአጠራራቸው ነው የምጽፍልሽ። አብዛኞቹ ከፊታቸው ሱዶ፣ ማለትም የአስተዳዳሪ ፈቃድ፣ ይፈልጋሉ። ትልቅና ትንሽ ፊደል የሚለያይበት ቦታ ላይ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ማን ምን እንደሚሠራ እንለይ። ቸርችል ጎዳና ያለውን ዋናውን ፖስታ ቤት አስቢ። በእኛ አገር ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም፤ ሳጥን ቁጥርሽ ውስጥ ይገባል፣ አንቺ በቁልፍሽ ከፍተሽ ትወስጃለሽ። ፖስትፊክስ ከጀርባ ያለው የሚለየውና የሚያመላልሰው ክፍል ነው። ዶቭኮት ሳጥኖቹና ቁልፎቹ ናቸው። «አልደረሰም» የሚል ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ የምትጠይቂው ደብዳቤው ከሁለቱ የትኛው ጋ እንዳለ ነው። ወደ ውጭ የሚሄደውን ፖስትፊክስን ጠይቂ። ገብቶ የማይታየውን ዶቭኮትን።

ፖስትፊክስን እ.ኤ.አ. በ1998 ለሕዝብ የለቀቀው ዊትሰ ቬኔማ ነው፤ ያኔ አይቢኤም ውስጥ ይሠራ ነበር። በዘመኑ ሰፍኖ የነበረው ሴንድሜይል አንድ ትልቅ ፕሮግራም ነበር። ቬኔማ ያንን ሥራ ለብዙ ትናንሽ ፕሮግራሞች አከፋፈለው፣ አንዱ ቢሰበር ወይም ቢደፈር ሌላው እንዳይነካ። መሣሪያዎቹም ለዚህ ነው የበዙት፤ «ፖስት» ብለው የሚጀምሩት ሁሉ አንድ አንድ ሥራ አላቸው። አንቺ የጻፍሽው ሜይልኪው ከሴንድሜይል ዘመን የቆየ ስም ነው። የፖስትፊክስ የራሱ «ፖስትኪው ዳሽ ፒ» ነው፤ ሁለቱም አንድ ነገር ያሳያሉ።

ያንን ዝርዝር ማንበብ ተለማመጂ። በእያንዳንዱ ደብዳቤ መጀመሪያ ላይ የወረፋ መለያው አለ። ቀጥሎ መጠኑ፣ የገባበት ጊዜ፣ ላኪው። ከሥሩ በቅንፍ ያልሄደበት ምክንያት፣ ከዚያ ተቀባዩ። መለያው ጎን ኮከብ ካለ አሁን እየተላከ ነው። ቃለ አጋኖ ካለ ተይዟል። ምንም ከሌለ ተራውን ይጠብቃል። ዝርዝሩ ረጅም ከሆነ «ኪውሼፕ ዲፈርድ» በይ። የትኛው ዶሜይን ላይ ስንት ደብዳቤ ለስንት ደቂቃ እንደቆመ በሠንጠረዥ ያወጣልሻል። የአንቺው እንደጻፍሽልኝ ከሆነ የጂሜይል መስመር ላይ ቁጥሩ ተከምሮ ታያለሽ።

ሁሉም የቢሮሽ ሰው የላከው መሆኑንም አረጋግጪ። ከ412ቱ 380ው ከአንድ አድራሻ የወጣ ከሆነ ችግርሽ ሌላ ነው፤ የዚያ ሰው ፓስወርድ ተሰርቋል። ሎጉ (ሰርቨሩ የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል) ውስጥ «ሳስል ዩዘርኔም» የሚለውን በፈላጊው ኮማንድ በግሬፕ አውጥተሽ፣ በሶርት ደርድረሽ በ«ዩኒክ ዳሽ ሲ» ቁጠሪው። ማን ስንት ጊዜ ገብቶ እንደላከ ፊት ለፊት ይወጣል። ያ ሆኖ ከተገኘ መጀመሪያ ፓስወርዱን ቀይሪ። ዶቭኮት ያረጀውን ፓስወርድ በጊዜያዊ ማኅደሩ ይዞት ሊቆይ ስለሚችል «ዶቭአድም ኦውዝ ካሽ ፍላሽ» ብለሽ አስረሺው። ከዚያ በኋላ የዚያን ላኪ ደብዳቤዎች ብቻ ለይተሽ ታጠፊያለሽ። «ፖስትኪው ዳሽ ጄ» ወረፋውን ፕሮግራሞች በሚያነቡት በጄሰን ቅርጽ ያወጣዋል፣ በ«ጄኪው» ላኪውን ትመርጫለሽ፣ የተገኙትን መለያዎች ለ«ፖስትሱፐር ዳሽ ዲ ዳሽ» ትሰጫለሽ። የመጨረሻዋ ዳሽ «መለያዎቹን ከፊት ካለው ተቀበል» ማለት ናት። እኔ አራት ኪሎ ያኔ ይህን ባውቅ ኖሮ ያ ማብራሪያ አይጠፋም ነበር።

አሁን ወደ አንቺ 421። የኤስኤምቲፒ (ሰርቨሮች ደብዳቤ ሲቀባበሉ የሚነጋገሩበት ደንብ) መልሶች የመጀመሪያ አኃዛቸው ብዙ ነገር ይናገራል። 2 ከሆነ ተቀብሏል። 4 ከሆነ «አሁን አይሆንም፣ ቆይተህ ና» ነው። 5 ከሆነ «አልቀበልም፣ አትመለስ» ነው። 412ቱ ወረፋ ላይ የቆዩት ጂሜይል 4 ስላለ ነው። 5 ቢል ኖሮ ወዲያው ወደ ላኪዎቹ በተመለሱ ነበር። 4.7.23 ደግሞ ስለ አንድ የተለየ ነገር ነው የሚናገረው፦ ስለ ፒቲአር።

ስም ሰጥቶ አይፒ፣ ማለትም የኢንተርኔት አድራሻውን ቁጥር፣ መጠየቅ ሁላችንም የለመድነው ነው። ፒቲአር የተገላቢጦሹ ነው። «ይህ አይፒ የማን ነው?» ሲባል የሚመለሰው ስም ማለት ነው። ፒያሳ እያላችሁ የነበረው አይፒ ስም ነበረው፤ የቀድሞው ልጅ አስመዝግቦታል። ሜክሲኮ የገባላችሁ አዲስ መስመር አዲስ አይፒ ይዞ መጣ፣ ያ አይፒ ግን ስም የለውም፣ ወይም ከሰርቨራችሁ ስም ጋር አይገጥምም። ጉግል እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ለላኪዎች የሚጠይቀውን መስፈርት አጥብቋል። ፒቲአር ከነዚያ አንዱ ነው። ራስሽ እዪው፦ «ዲግ ዳሽ ኤክስ» ብለሽ አዲሱን አይፒ ስጪው። መልስ የሚለው ክፍል ባዶ ከሆነ፣ ወይም የማታውቂው ስም ከመጣ፣ ምክንያቱን አገኘሽ።

ፒቲአርን አንቺ ከሰርቨሩ ላይ ማስተካከል አትችዪም። አይፒው የኢንተርኔት አቅራቢያችሁ ስለሆነ የሚመዘግቡት እነሱ ናቸው። እንዳትመላለሺ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዘሽ ሂጂ። ደብዳቤው ላይ አይፒው በቁጥር፣ የሰርቨሩ ሙሉ ስም ደግሞ ሳይሳሳት ይጻፍ። ስሙን ከጭንቅላትሽ አትጻፊ፤ «ፖስትኮንፍ ማይሆስትኔም» በይና የሚያወጣውን ገልብጪ። ያ ስም በዲግ ሲጠየቅ ተመልሶ አዲሱን አይፒ መስጠት አለበት። ሁለቱ አቅጣጫዎች መገናኘታቸውን ነው ጂሜይል የሚያየው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነገር አለ። ቢሮ ሲቀየር ፒቲአሩ ብቻ አይደለም የሚፈርሰው። ኤስፒኤፍም ይፈርሳል። ኤስፒኤፍ «በእኛ ስም መላክ የሚፈቀድላቸው እነዚህ አይፒዎች ናቸው» የሚል ማስታወቂያ ነው፣ የኢንተርኔት ስሞች መዝገብ በሆነው ዲኤንኤስ ላይ ይቀመጣል። «ዲግ ቲኤክስቲ» ብለሽ ዶሜይናችሁን ጠይቂ። የሚመጣው መስመር ውስጥ ያለው አይፒ የፒያሳው ከሆነ፣ የራሳችሁ ማስታወቂያ ራሳችሁን ይከለክላችኋል። ፒቲአሩን ብቻ አስተካክለሽ ደብዳቤዎቹን ብትለቂ፣ እስከ ዛሬ «ቆይተህ ና» ሲል የነበረው ጂሜይል በ550 እና 5.7.26 ሊመልሳቸው ይችላል። ያኔ ሁሉም ተመላሽ ይሆናሉ። ሰርቨሩ ደብዳቤው ላይ የሚያኖረው ዲኪም የሚባለው ፊርማ በትክክል የሚሠራ ከሆነ ያድናችኋል፣ ግን በእሱ ብቻ አትተማመኚ። መጀመሪያ ኤስፒኤፉን ቀይሪ። ይህን ራስሽ ዛሬውኑ ዶሜይኑ የተመዘገበበት ቦታ ገብተሽ ትሠሪዋለሽ። ዲግ ከመልሱ ጋር የሚያሳይሽ የሰከንድ ቁጥር፣ የድሮው መረጃ በሌሎች ሰርቨሮች ዘንድ ምን ያህል ሊቆይ እንደሚችል ነው። 86400 ከሆነ አንድ ቀን ሙሉ ማለት ነው።

ጊዜሽ እያለቀ ነው፣ ስለ እሱ እናውራ። ፖስትፊክስ ያልሄደን ደብዳቤ መጀመሪያ ከ300 ሰከንድ በኋላ ይሞክራል። ከዚያ እያራዘመ ይሄዳል፣ በመጨረሻ በ4000 ሰከንድ አንዴ፣ ማለትም ከአንድ ሰዓት ትንሽ አልፎ ይሞክራል። ይህን የሚያደርገው ለ5 ቀን ነው። 5 ቀን ሲሞላ ተስፋ ቆርጦ ለላኪው ይመልሰዋል። ሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የገባው ደብዳቤ ቅዳሜ ጠዋት 5 ቀኑን ይሞላል። አቅራቢያችሁ ፒቲአሩን እስከ ዓርብ ባያደርስስ?

ለዚህ መድኃኒት አለው። «ፖስትሱፐር ዳሽ ኤች ኦል ዲፈርድ» በይ። ኤቿ ትንሿ ናት፣ «ኦል» የሚለው ግን በትልልቅ ፊደል መጻፍ አለበት። ይህ ትእዛዝ የቆሙትን ሁሉ ወደ መያዣ ያስገባቸዋል። መያዣ ውስጥ ያለ ደብዳቤ አይሞከርም፣ ቀኑ ቢያልፍም ተመላሽ አይሆንም። ሳምንት ቢፈጅም ይጠብቅሻል። ሲለቀቁ በትልቋ ኤች ነው። ትንሿ ትይዛለች፣ ትልቋ ትለቃለች፤ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጥፊው። ከእነሱ ጎን ያለችው «ዳሽ ዲ» አጥፊዋ ናት፣ «እርግጠኛ ነሽ ወይ» ብላ አትጠይቅም።

ከያዝሽ በኋላ የሚገቡት አዳዲስ ደብዳቤዎች የራሳቸውን 5 ቀን ይጀምራሉ። የ5 ቀኑን ገደብ ለጊዜው ማራዘምም ይቻላል። «ፖስትኮንፍ ዳሽ ኢ» ብለሽ «ማክሲማል ኪው ላይፍታይም» የሚለውን 10 ቀን አድርጊው፣ ከዚያ «ፖስትፊክስ ሪሎድ»። ሪሎድ ይበቃል፣ ሰርቨሩን ማጥፋትና ማስነሳት አያስፈልግም። ማስነሳት ፒቲአር አያመጣም።

ሌላ እንዳታደርጊው የምለምንሽ ነገር «ፖስትኪው ዳሽ ኤፍ»ን መደጋገም ነው። ሁሉንም አሁኑኑ ሞክር የሚል ትእዛዝ ነው። አለቃ ጀርባሽ ቆሞ «አሁንስ?» ሲልሽ እጅ ወደ እሱ ይሄዳል፣ አውቀዋለሁ። ግን «ቆይተህ ና» ያለን ሰው በየደቂቃው ብታንኳኪበት ሌላ ጥርጣሬ ታተርፊያለሽ፣ ሌሎቹን የሚሄዱ ደብዳቤዎችም ታዘገያለሽ።

እስከዚያው ለሰዎቹ ንገሪያቸው። እናንተ አስመጪዎች ናችሁ። ከነዚያ 412 ውስጥ የኢንቮይስና የማሸጊያ ዝርዝር፣ የመርከብ ሰነድ ቅጂ ይኖራል። ወደብ ላይ የተቀመጠ ኮንቴይነር ደግሞ በየቀኑ ያስከፍላል። ከወረፋው ላይ ላኪና ተቀባይ አውጥተሽ ለየክፍሉ ስጪ። አስቸኳይ የሆነውን በስልክ ይንገሩ፣ በቴሌግራም ይላኩት። የአንዱን ርእስ ማየት ካስፈለገሽ «ፖስትካት ዳሽ ኤች ኪው» ብለሽ መለያውን ስጪ። ይህ ራስጌውን ብቻ ያሳያል። ያለ ኤች ከጻፍሽው ሙሉ ደብዳቤው ይፈስሳል። አትክፈቺው። የደመወዝ፣ የሕመም፣ የቤተሰብ ነገር ይኖርበታል። አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን። አዋጁ ባይኖርም እንኳ፣ ሰው ፖስታውን ሲሰጥሽ አንብቢልኝ አላለሽም።

ቀጥሎ ሎጉ። ወረፋው ያልሄደውን ነው የሚያሳይሽ። የሄደውም የተመለሰውም ያለው ሎግ ውስጥ ነው። ኡቡንቱ ላይ ቫር ሎግ ሥር «ሜይል ነጥብ ሎግ» ይባላል። የወረፋ መለያውን ይዘሽ ግሬፕ ብትዪ የዚያ ደብዳቤ ሙሉ ታሪክ ይወጣል፤ ማን አመጣው፣ ወደ የት ሄደ፣ ምን ተባለ። «ስታተስ» ቀጥሎ ሴንት፣ ዲፈርድ ወይም ባውንስድ የሚለውን እዪ። ሴንት ከሆነና በቅንፍ ውስጥ 250 ካለ፣ የወዲያኛው ሰርቨር ተቀብሎታል። ከዚያ በኋላ «አልደረሰኝም» ላለ ሰው መልሱ «ስፓም ሳጥንህን እይ» ነው። መስመሩን ገልብጠሽ ላኪለት።

እዚያው መስመር ላይ «ዲሌይስ» የሚል በአግዳሚ የተለያዩ አራት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያው ደብዳቤው ወረፋ ከመግባቱ በፊት የፈጀው ጊዜ ነው። ሁለተኛው የራስሽ ሰርቨር ውስጥ ያሳለፈው፣ ሦስተኛው መስመር ለመዘርጋት፣ አራተኛው ለማስተላለፍ የወሰደው። እኔ እነዚህን ቁጥሮች በጣም እወዳቸዋለሁ። «ሰርቨሩ ቀርፋፋ ነው» የሚል ሲመጣ ጥፋቱ ሰርቨሩ ይሁን መስመሩ በሰከንድ ይለዩታል። ሦስተኛውና አራተኛው ብቻ ካበጡ ሰርቨሩን አትነካኪ፣ መስመሩን ጠይቂ።

ሎግ ስትፈልጊ ሰዓቱ እንዳያሳስትሽ። እኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሒሳብ ክፍሏ «ትናንት ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ልኬ ነበር» ትልሻለች። ያ በፈረንጅ አቆጣጠር 15 ሰዓት ነው። ብዙ ሰርቨሮች ደግሞ የሚቆጥሩት በዓለም አቀፉ ሰዓት በዩቲሲ ነው፣ እኛ ከእሱ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ስለዚህ ሎጉ ላይ የምትፈልጊው 12:00 አካባቢ ነው። 9 ብለሽ ብትፈልጊ ምንም አታገኚም፣ «አልላክሽም» ብለሽ ትመልሻታለሽ፣ እሷ ግን ልካለች። ሌሊት 7 ሰዓት የተላከ ከሆነ ቀኑም ይቀየራል፤ ሎጉ ላይ ያለፈው ቀን 22:00 ላይ ነው። ሰርቨሩ የየትኛውን አገር ሰዓት እንደያዘ «ታይምዴትሲቲኤል» ይነግርሻል። ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ማምጣትም በእሱ ይቻላል። እኔ የማስተዳድራቸውን ሁሉ ወደ አዲስ አበባ አምጥቻቸዋለሁ፤ አንድ ስሌት ይቀንሳል።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬ ሳትተኚ አስተካክዪልኝ። ፖስትፊክስ እንደተጫነ ከተተወ፣ ደብዳቤ ሲዘገይ ለላኪው አይነግረውም። 5 ቀን ዝም ይላል። የቢሮሽ ሰዎች ከሰኞ ጀምሮ ደርሷል ብለው የተቀመጡት ለዚህ ነው። «ዲሌይ ዋርኒንግ ታይም» የሚለውን በ«ፖስትኮንፍ ዳሽ ኢ» 4 ሰዓት አድርጊው። ከዚያ በኋላ 4 ሰዓት የቆመ ደብዳቤ ካለ ላኪው «ገና አልደረሰም፣ እየሞከርኩ ነው» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ይህች አንድ መስመር ያኔ አራት ኪሎ ብትኖር ኖሮ፣ ምናልባት እኔ ከመጥረጌ በፊት መልእክቱ ደርሷቸው ሰዎቹ ስልክ ያነሱ ነበር።

ማናቸውንም ነገር ከመለወጥሽ በፊት ግን «ፖስትኮንፍ ዳሽ ኤን»ን ወደ ፋይል አስቀምጪ። ከተለመደው ውጪ የተቀየረውን ብቻ ያወጣል። የሄደው ልጅ ምን እንደሠራ በአንድ ገጽ ታነቢያለሽ። ለዶቭኮትም «ዶቭኮንፍ ዳሽ ኤን» አለ። ሁለቱን አትመሽ አንድ ምሽት ብታነቢያቸው ከማንኛውም ኮርስ ይበልጥ ይጠቅሙሻል።

ዶቭኮት ላይ አብዛኛው ሥራ በዶቭአድም ነው። «ዶቭአድም ሁ» አሁን ማን ከየት አይፒ እንደገባ ያሳያል። «ዶቭአድም ኪክ» ያስወጣል። ሰው «ፓስወርዴ አልሠራ አለ» ሲልሽ «ዶቭአድም ኦውዝ ቴስት» ብለሽ ሰርቨሩ ላይ ሞክሪው። እዚያ ከሠራ ችግሩ ስልኩ ላይ ነው። «ዶቭአድም ሎግ ኤረርስ» የቅርብ ጊዜ ስሕተቶችን ብቻ ይሰበስብልሻል።

አለቃሽ አንድ ቀን «ኢሜይሎቼ በሙሉ ጠፉ» ይላል። ይህ የማይቀር ነው። ብዙ ጊዜ የምትደርሺበት ምክንያት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር በፖፕ3 ተገናኝቶ እያወረደ ከሰርቨሩ ላይ ስለሚያጠፋ ነው። ሎጉ ውስጥ ፖፕ3 የሚለውንና የሰውየውን ስም ፈልጊ። ግንኙነቱ ሲቋረጥ በሚጻፈው መስመር ላይ «ዴል» የሚል አለ። ከጎኑ ያለው ቁጥር ስንት እንደጠፋ ይነግርሻል። ዜሮ ካልሆነ ደብዳቤዎቹ ያ ኮምፒውተር ውስጥ ናቸው፤ ማን እንደሚጠቀምበት ከአይፒው ትደርሺበታለሽ። ኮምፒውተሩን ፎርማት እንዳያደርጉት ቶሎ ድረሺ።

«ዶቭአድም ሰርች» እና «ዶቭአድም ኤክስፐንጅ» አንድ ዓይነት አጻጻፍ አላቸው። የመጀመሪያው ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ያጠፋል። ሁልጊዜ በሰርች ጀምሪ፣ ያገኘውን ቁጠሪ፣ ከዚያ ብቻ ቃሏን ቀይሪ።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ስካን የተደረገ ሰነድ አልሄድ ካለ «ፖስትኮንፍ ሜሴጅ ሳይዝ ሊሚት» በይ። ካልተነካ 10240000 ባይት ነው። ፋይል በኢሜይል ሲታሸግ በሲሶ ያህል ስለሚያብጥ፣ ከ7 ሜጋባይት ተኩል በላይ የሆነ ሰነድ አያልፍም። የሰው ሳጥን ሞልቶ እንደሆነ «ዶቭአድም ኮታ ጌት» ያሳያል። ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ «ዲኤፍ ዳሽ ኤች»፣ ከእሱም በኋላ «ዲኤፍ ዳሽ አይ»፤ ቦታ እያለ የፋይል ቁጥር ሊያልቅ ይችላል፣ ሰው ይህን ይረሳዋል። ስልኮች ሁሉ በአንድ ጠዋት ስለ ሰርተፍኬት መጮህ ከጀመሩ ደግሞ፣ ሰርተፍኬት ሰጪው ሌትስ ኢንክሪፕት የሚሰጠው ለ90 ቀን ስለሆነ ጊዜው አልፎ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን አዳሹ ፕሮግራም ሰርትቦት አድሶታል፣ ዶቭኮት የድሮውን እንደያዘ ነው። «ዶቭአድም ሪሎድ» ይፈታዋል።

አሁን ወደ 412ቱ እንመለስ። አቅራቢያችሁ «ጨርሰናል» ሲሉሽ በቃላቸው ብቻ አትሂጂ። ዲግ ዳሽ ኤክስ በይ። ስሙ መጣ? ስሙን መልሰሽ ጠይቂ። አዲሱ አይፒ መጣ? ኤስፒኤፉ ውስጥም አዲሱ አይፒ አለ? ሦስቱም ከሆኑ አዲስ ደብዳቤ ጽፈሽ ወደ ራስሽ ጂሜይል ላኪ። ከተያዙት አንዱን ለሙከራ አትጠቀሚ። 5 ቀን ያለፈው ደብዳቤ ተለቆ ከከሸፈ ወዲያው ተመላሽ ይሆናል። አዲሱ ከደረሰ ጂሜይል ላይ ሙሉ ራስጌውን ክፈቺና ኤስፒኤፍ ከሚለው ጎን «ፓስ» የሚል ፈልጊ።

ከዚያ በአንዱ መስኮት ሎጉን በ«ቴይል ዳሽ ኤፍ» ክፈቺ። በሌላው ደግሞ የአንዱን ደብዳቤ መለያ ይዘሽ በትልቋ ኤች ልቀቂ። ስታተስ ሴንት ካለ ሃያ ያህል ልቀቂ። ቆይተሽ ሃምሳ። አዲሱን አይፒ ጂሜይል ገና አያውቀውም፣ 412 ደብዳቤ በአንድ ጊዜ ቢወርድበት ሊጠረጥር ይችላል። አስቸኳይ ያሏቸውን አስቀድሚ። ሎጉ ላይ 421 እንደገና ካየሽ ቁሚ፣ ሻይ ጠጥተሽ ተመለሺ። ሁሉም ከወጡ በኋላ ሜይልኪው ብለሽ ስትጽፊ፣ ወረፋው ባዶ ነው የሚል አንድ መስመር ብቻ ይመጣል። ያን ቀን ጻፊልኝ።